የዚንክ ብርድ

ዚንክ የሚባለውን ብረት በሌላው ዓለም ከተራራ ሥር ቆፍረው ነው የሚያወጡት ይባላል። የመርካቶዋ ምናለሽ ተራ ግን ተራራ የላትም። ያላት የተጣለ ነገር ክምር ነው፤ የአሮጌ መኪና ካርቡራቶር፣ የተሰበረ የበር እጀታ፣ ቁልፉ የጠፋበት ጓጉንቸር፣ ጥርሱ የተበላ የቧንቧ ራስ። አዲስ አበባ ትጥላለች፣ ቆራሌው ይለቅማል፣ መርካቶ ይገዛል፣ የምናለሽ ተራ ሰው ደግሞ መዶሻውን ይዞ ክምሩን ይቆፍራል። ስለዚህ ባህረዲን ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ማዕድን ነው የማወጣው» ይል ነበር። ጠያቂው ወርቅ መስሎት ጠጋ ሲልለት ደስ ይለዋል። «ዚንክ» ብሎት የሰውየው ፊት ሲወድቅ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለዋል።

ባህረዲን የስልጤ ልጅ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ አውቶቡስ ተራ ወርዶ ዓመት ያህል ሸክም ተሸከመ። ወገቡ አልችል ሲለው ጋሼ አገኘሁ የሚባሉ የጎጃም ሰው ወደ ምድጃቸው አስጠጉት። ጎጃሜ ሲቆጣ በቅኔ ነው ይባላል፤ ጋሼ አገኘሁ ግን ሲቆጡ በጭልፋ ነበር። እሳቸው ናቸው ብረት በእጅ መለየትን ያስተማሩት። አሉሚኒየም ይቀላል። ዚንክ መልኩ አሉሚኒየም ይመስላል እንጂ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ይከብዳል፤ ሲሰበር ውስጡ እንደ አሞሌ ጨው ያብለጨልጫል። የለየውን በብረት ድስት ያቀልጣል፣ እድፉን በጭልፋ ይገፋል፣ ንጹሑን ፎርማ ውስጥ አፍስሶ እንደ ሸክላ ጡብ ያወጣዋል። ጡቡን ቆርቆሮ የሚለብጡ ፋብሪካዎች ነጋዴ እየላኩ ይገዙታል። በዚያች ጠባብ ጉሊት መሳይ መንገድ ግራና ቀኝ አሥራ ሁለት ምድጃ አለ፤ በየምድጃው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው በመዶሻ የሚሰብሩና የሚለቅሙ ሴቶች አሉ። ወሬው፣ እድሩ፣ ጠቡ፣ ሠርጉ ሁሉ በእነዚያ ምድጃዎች ዙሪያ ነው።

አሁን የነገሩን ሁሉ ሥር ልንገራችሁ። ድስቱ ከልክ በላይ ሲግል ዚንኩ ራሱ ይቃጠላል። ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆንና ነጭ ጭስ ይነሳል፤ ጭሱም እየተበጣጠሰ እንደ ባዘቶ ይበናል። ሠራተኞቹ «ጥጥ» ይሉታል። ጥጡን የሳበ ሰው ቀን ምንም አይለውም። ወደ ማምሻው ምራቁ ይጣፍጠዋል፣ ከዚያ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ከዚያ ብርዱ ይመጣል። ጥርስ ከጥርስ የሚያጋጭ፣ ሦስት ብርድ ልብስ የማያስቆመው ብርድ ነው። በማግስቱ ግን ሰውየው በላብ ርሶ፣ ድኖ ይነሳል። ስሙም የዚንክ ብርድ ነው።

ይህ ብርድ አንድ አመል አለው። በየቀኑ እሳቱ አጠገብ የሚውለውን ሰው ይተወዋል። ሰኞ የያዘውን ማክሰኞ ይቀልለዋል፣ ረቡዕ ጭራሽ ይረሳዋል። እሑድ አርፎ ሰኞ ሲመለስ እንደገና ቆሞ ይጠብቀዋል። ከሁሉም የከፋ የሚይዘው ለአረፋ ወይም ለመስቀል አገር ቤት ሄዶ ሁለት ሦስት ሳምንት ከርሞ የመጣውን ነው። ይህን የምናለሽ ተራ ሰው በዓይኑ አይቶ፣ በገላው ቀምሶ ያውቀዋል። ካየውም ተነስቶ ፈረደ፦ የሚያሳምመው ጭሱ ሳይሆን ዕረፍቱ ነው። አትሳቁ። እናንተም ብትሆኑ ይህንኑ ነበር የምትፈርዱት።

«ገላ እንደ በቅሎ ነው፤ ካሳረፍከው ይረግጥሃል» ይሉ ነበር ጋሼ አገኘሁ። ሰባ ሊሞላቸው ሲል ሳል ሥራ ከለከላቸውና ምድጃውን ለባህረዲን ለቀው ቤታቸው ገቡ። በሦስተኛው ወር ሞቱ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይናገር ነበር፦ «እሳቱን ባይተዉት ኖሮ ይህን ጊዜ በሕይወት ነበሩ።» መጀመሪያ እሳቱን ለምን እንደተዉት ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ባህረዲን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለአረፋ አገር ቤት መሄድ አቆመ። እናቱ «መርካቶ ልጄን በላብኝ» እያሉ ሞቱ፤ ለቀብራቸው ደርሶ በማግስቱ ተመለሰ።

ሚስቱ ጠሂራ የዚያው የአገሩ ልጅ ናት። ከመጣች በኋላ ከእሱ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ትለቅም ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና በእጇ ብቻ ዚንኩን ከአሉሚኒየሙ ስትለይ ሌሎቹ ሴቶች ሥራ ትተው ያይዋታል። አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ባሏን «የማዕድን ሹሙ» ትለው ነበር፤ ሹመቱ ግን ከአሥራ ሁለተኛው ምድጃ እንደማያልፍ አክላ ነው። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ እሱ ለእሷ፣ እሷ ለእሱ ልጅ ሆነው ቀርተዋል። ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ውስጥ ማን ቀድሞ ይጉረስ ብለው ይጣሉ ነበር። ባህረዲን ከዚህች ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ጠሂራ በሞት እንዳትቀድመው።

ሳል የጀመራት አንድ ግንቦት ላይ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ተባለ። በኋላ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ቆማ ግድግዳ መደገፍ አመጣች። ጤና ጣቢያ ሄዱ። ያያት ሰው ሽሮፕ ሰጣትና «ለሁለት ወር ከጭስ ራቂ» አላት። ባህረዲን ፊቱ ጠቆረ፤ ጠሂራ ግን ለአረፋ ከሚሄደው ሰው ጋር እናቷ ዘንድ ሄደች። ስድስት ሳምንት ቆየች።

ስትመለስ ባህረዲን አውቶቡስ ተራ ሄዶ ተቀበላት። ጉንጯ ሞልቷል። ሻንጣዋን አላስይዝም ብላ እየሳቀች ቀድማው ሄደች፤ ቤት እስኪደርሱ አንዴ እንኳ አልቆመችም። «እዚያ እኮ እተነፍሳለሁ» አለችው። «ትንፋሽሽን እዚያ ረስተሽው እንዳይሆን» ብሎ ቀለደባት። የዚያን ቀን ባህረዲን የተደሰተውን ያህል ተደስቶ አያውቅም።

ሰኞ ሥራ ገባች። ማምሻውን ብርዱ ያዛት። እንደ ሌላው ሰው አንድ ሌሊት ብቻ አልነበረም፤ ሦስት ቀን አልጋውን አንቀጠቀጠችው። ባህረዲን ጋቢውንም ካፖርቱንም ደርቦባት፣ በላዩም ራሱ ተኝቶባት «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ሲል ሰነበተ። በአራተኛው ቀን እሷ ደህና ስትሆን እሱ ነበር የታመመ የሚመስለው። እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቆረጠ፤ ይህች ሴት ሁለተኛ ከእሳቱ አትርቅም። ከክፋት አልነበረም። ከክፋት ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ለመንገር ያን ያህል አልጨነቅም ነበር።

በዓመቱ አረፋ ሲቃረብ ሳሉ ተመልሷል። ወንድሟ ጠይብ የበዓል ዕቃ ሊገዛ መርካቶ መጥቶ ነበርና ዕቃውን የጫነበትን አይሱዙ መንገድ ዳር አስቁሞ እህቱን ሊወስድ ቤታቸው ገባ። ጠሂራ ጓዟን ቋጥራ ጨርሳለች። ሴቶቹ በዋዜማው ቅቤ እየበሉ የሚያከብሩት የሴቶች አረፋ ሳያልፋት ልትደርስ ቸኩላለች።

«ጠይቤ» አለ ባህረዲን፣ «ውሰዳት ብዬ ባምን ኖሮ እኔ ራሴ አዝዬ አደርስልህ ነበር። አምና ምን ሆና እንደተመለሰች አንተ አላየህም።»

«እኛ ዘንድ እኮ ስትስቅ ነው የከረመችው!» አለ ጠይብ። «እናቴን ጠይቃት። አንድ ቀን እንኳ አላሳላትም።»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ! ገላዋ ዕረፍት ለመደ። ከዚያ መጥታ ልትሞትብኝ ነበር።»

«እንግዲያው አትመለስ። ካልተመለሰች ምን ይነካታል?»

አንድ ሰው መልስ ሲያጣ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይሸነፋል ወይ ያለቅሳል። ባህረዲን አለቀሰ። ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው፣ በወንድሟ ፊት፣ ሚስቱ እግር ሥር ተንበረከከ። «እኔ ማን አለኝ?» አላት። «ጋሼ አገኘሁን አይተሻል። ሦስት ወር ነው የቆዩት። አንቺ ስትሄጂ እኔ ግድግዳ ሳይ ልዋል? ወላሂ ለራስሽ ብዬ ነው፣ ጠሂራ።»

«ባህሩ፣ እዚያ እኮ እተነፍሳለሁ» አለች እንደገና፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ውጭ አይሱዙው ጡሩምባ ነፋ። ጠሂራ ባሏን አየች፣ ወንድሟን አየች። ከዚያ ጓዟን ራሷ ፈታችው። «እሺ፣ ለአንተ ስል» አለች። ጠይብ ከሴቶች አረፋ ድርሻዋ ቅቤ ሊልክላት ቃል ገብቶ ሄደ። እኔ ስለዚያ ቀን ሳስብ ማንን እንደምቆጣ አላውቅም። የሚወዱት ሰው ሲለምን እምቢ ማለት ትምህርት ቤት የለውም።

ከዚያ በኋላ ባህረዲን እንደ ሐኪም ተጠነቀቀላት። በየቀኑ ምሳ ላይ አንድ ኩባያ ወተት ያጠጣታል፣ ለጥጡ ደግ ነው ስለሚባል። እሑድ ምናለሽ ተራ ስትዘጋ፣ አሥራ አንዱ ምድጃ አመድ ብቻ ሆኖ ሲውል፣ እሱ ጠሂራን ይዞ ይመጣል። ትንሽ ከሰል ያያይዝና ለእሷ ብቻ አንድ ጭልፋ ዚንክ ያቀልጣል። ሰዓት ጠብቆ ያስቀምጣታል፣ ልክ ሰው ክኒን በሰዓቱ እንደሚያስውጥ። በሦስት በአራት ቀን አንዴ ደግሞ «ብርዱ አልነካሽም አይደል?» ይላታል። «አልነካኝም» ትላለች፤ እውነቷን ነበር። «አየሽ! አልሐምዱሊላህ» ይላል። ሳሉን ከዚህ ጋር አላያያዘውም። ሳል ማን አይስልም? ምናለሽ ተራ ውስጥ ሳይስል የሚውል ሰው ካለ እንግዳ ነው።

ጎረቤቶቹም አደነቁት። የጎረቤት ምድጃ ባለቤት ሰሚር፣ ብልጥና ተናጋሪ ሰው ነው፣ «ባህሩ ሚስት አያያዝ ያውቃል» እያለ ያመሰግነው ነበር። ባሏ የሞተባትና ከጠሂራ ጎን የምትለቅመው ማሂራ ደግሞ «እኔንም እንዲህ የሚያስብልኝ ባገኝ» ትል ነበር።

በጥቅምት አንድ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ሊወጡ ሲሉ፣ ጠሂራ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና አልነሳም አለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ባህረዲንና አንድ ባለ ባጃጅ ተጋግዘው ሆስፒታል አደረሷት። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተሰካላት፣ ደረቷ በራጅ ተነሳ። ዶክተር ሃና የምትባል ወጣት ሐኪም ባህረዲንን ለብቻው ጠራችውና ሥራቸው ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

ባህረዲን ሁሉንም ነገራት። ሳይደብቅ፣ እንዲያውም በኩራት፣ አንድ ሰው አደራውን እንዴት እንደጠበቀ እንደሚናገር ነገራት። «አንድም ቀን አላሳረፍኳትም፣ ዶክተር። እሑድ እንኳ። ብርዱ አንድ ጊዜ እንኳ አልነካትም።»

ዶክተሯ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ብርዱ ገላዋ ሲጮህ ነው» አለችው ቀስ ብላ። «መርዝ ገባብኝ እያለ ነው የሚጮኸው። በየቀኑ ሲገባበት መጮሁን ያቆማል። መርዙ ግን መግባቱን አያቆምም። ዚንኩ ብቻ ደግሞ አይደለም፤ እርሳሱም፣ ቀለሙም፣ የተቃጠለው ዘይትም፣ የከሰሉም ጭስ አለበት። ሳንባዋ ጠባሳ ሆኗል።»

«አገር ቤት የሄደች ጊዜስ?»

«ያን ጊዜ ማገገም ጀምራ ነበር። ያን ጊዜ ብትቀር ኖሮ ቢያንስ ባለበት ይቆም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን እንዳትጨነቅ እናደርጋታለን» አለች ዶክተሯ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለባህረዲን የጠራለት በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በአምስት ደቂቃ ነው፤ ሲጠራለት ደግሞ የሚያድንበት ነገር አልቀረም። ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። እያንዳንዱ እሑድ ተራ በተራ መጣበት። ያ አይሱዙ መጣበት። እጁን ቢቆርጡት የሚቀልለው መሰለው።

«ምን አለችህ?» አለች ጠሂራ ሲገባ።

«ትድኚያለሽ አለችኝ።»

ጠሂራ ጆሮውን አየች። ውሸት ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ ታውቃለች። «እንግዲያው ስድን አገር ቤት ትወስደኛለህ» አለች። «እወስድሻለሁ» አለ። ሃያ ቀን አልጋዋ አጠገብ ወለል ላይ ተኝቶ አደረ። ሌሎች ጠያቂዎች ሲመጡ ይወጣል፤ ዓይናቸውን ማየት አልቻለም። አንድ ቀን ሊነግራት አፉን አዘጋጅቶ፣ «ጠሂራ፣ እኔ እኮ…» ሲል እጇን አፉ ላይ አደረገችበት። አውቃ ይሁን ደክሟት እስከዛሬ አያውቅም። በሃያ አንደኛው ቀን፣ የዙሁር አዛን ሲሰማ፣ ትንፋሿ ቆመ።

ኮልፌ ቀበሯት። ጠይብ ከአገር ቤት ደርሶ አፈር አለበሳት። ባህረዲን ቢመታው፣ ቢሰድበው ይመርጥ ነበር፤ ጠይብ ግን አቀፈው። «አላህ የወሰነው ነው፤ አንተ የምትችለውን ሁሉ አድርገሃል» አለው። ባህረዲን በዚያ እቅፍ ውስጥ ቆሞ መናገር አቃተው። ሦስቱን የሐዘን ቀን ሰው ሁሉ እየመጣ «ያን ጊዜ አገር ቤት ባትሄድ ኖሮ» ይል ነበር። «ያቺ ዕረፍት ናት የበላቻት።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ባህረዲን ደግሞ የሰፈሩን ሁሉ በሽታ ደብቆ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ።

ሐዘኑ ሲያልቅ ምድጃው ጋ ተመለሰ። ወዴት ይሂድ? በሃምሳ አራት ዓመቱ ሸክም አይችልም፤ ከዚንክ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሰሉን አያያዘ፣ የኤሌክትሪክ ወናፉን ከፈተ፣ ድስቱን ጣደ። እጁ የለመደውን ይሠራል፤ ዓይኑ ወደ ጠሂራ ዱካ እንዳይሄድ ከሰሉን ብቻ ያያል። ቀትር ላይ ማሂራ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ሳሏ እስኪያልፍ ጠብቃ፣ ጠጋ አለችው።

«ጋሼ ባህረዲን፣ ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ጤና ጣቢያ ለሁለት ወር እረፊ አሉኝ። እህቴም ወራቤ ነይ ብላኛለች። እርስዎ ምን ይላሉ? ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም።»

ባህረዲን ጭልፋውን አስቀመጠ።

«ሂጂ» አላት። «ዛሬውኑ ሂጂ። እዚህም አትመለሺ።»

«እንዴ! ጠሂራ እኮ በዕረፍት ነው…»

«ጠሂራን የገደልኳት እኔ ነኝ!» አለ። መዶሻዎቹ ሁሉ ቆሙ። በሕይወቱ እንዲያ ጮሆ አያውቅም። ዶክተሯ ያለችውን በሙሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ ነገራቸው። ብርዱ የገላ ጩኸት መሆኑን፣ ጩኸቱ ሲቆም መርዙ እንደማይቆም፣ በየእሑዱ ያደረገውን። እየተናገረ እንባው ጢሙ ውስጥ ይወርድ ነበር።

«ባህሩ፣ ወንድሜ» አለ ሰሚር ትከሻውን ይዞ፣ «ሐዘን ነው። ሐዘን እንዲህ ያናግራል። ጭሱ መርዝ ቢሆን በየቀኑ የምንውልበት ሰዎች እንዴት ቆመን እንሄዳለን?»

«እየሞትን ነው የምንሄደው።»

ማንም ሳቅ አላለም። ማሂራ መዶሻዋን መሬት አስቀምጣ እጇን ስታይ ቆየች፤ ከዚያ የለቀመችውን ጆንያ ውስጥ መክተት ጀመረች። «እህቴ ጋ ልደውል» አለች ለራሷ። ባህረዲን ያያት ጊዜ፣ ጠሂራ ከሞተች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ጥሩ ነገር እንዳደረገ ተሰማው። ወደ ድስቱ ተመለሰ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊል ሲል ምራቁ ጣፈጠው።

ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። ሃያ አራት ቀን እሳት አልነካም። ማንም ሳያየው ለመሄድ ወናፉን አጥፍቶ ተነሳ፤ ጉልበቱ ግን ሁለት እርምጃ አልሄደለትም። የመደቡን ቋሚ ብረት ይዞ ቆመ። ብርዱ ከጀርባው ገባ። መላ ሰውነቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቋሚው ላይ የተንጠለጠለው ቆርቆሮ አብሮት ተንኳኳ፤ በድምፁ ሰው ሁሉ ዞረ። ሮጠው ያዙት። አንዱ ጋቢ አመጣ፣ አንዱ ወተት።

«አላልኳችሁም?» አለ ሰሚር፣ በሐዘኔታ ነው እንጂ በክፋት አይደለም። «ወር ሊሞላው ነው ካረፈ። ምን ትጠብቃላችሁ?»

ማሂራ ጆንያዋን እንደያዘች መጥታ ፊቱን ከቅርብ አየችው። ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል እንደሚያይ አየችው። ከዚያ ጆንያውን መልሳ መሬት ላይ ዘረገፈች።

«እኔማ የትም አልሄድም» አለች።

ባህረዲን «ሂጂ» ሊላት አፉን ከፈተ። ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ቃሉን አላሳልፍ አሉት።